ከሰበታ አካባቢ የተያዙ አበባ በል ጥንዚዛዎች፦ ቢጫውና ጥቁሩ አንድ ዝርያ ናቸው?

ዳዊት_ሰበታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሰበታና ከመናገሻ ሱባ ጫካ ግርጌ በሙዝ ወጥመድ የተያዙ፣ የፓክኖዳ ወገን የሚመስሉ ጥንዚዛዎች አሉኝ። መጠናቸው ተመሳሳይ ነው። የአንዳንዶቹ ጠንካራ ክንፍ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ አለው፤ የሌሎቹ ነጠብጣብ ተጋጥሞ ከሞላ ጎደል ጥቁር ሆኗል፤ በሁለቱ መሃል የሚወድቁም አሉ። ሦስት ዝርያ ብዬ ልመዝግብ ወይስ አንድ? ኢንተርኔት ላይ ያሉት ስሞች ይበልጥ አደናገሩኝ።

መርፌና_ሣጥን፦
ዳዊት፣ መሃል ላይ የሚወድቁ ካሉ ቀለሙን ለጊዜው ተወውና የወንዱን ብልት እይ። ማሽላ በሚያጠፋው በፓክኖዳ ኢንተራፕታ እንኳ የጥቁሩ ስፋት ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል።

መጀመሪያ ጾታ ለይ። በጀርባው አስተኝተው፤ የወንዱ ሆድ መሃል ላይ ቁመቱን የሚሄድ ቦይ ታያለህ፣ የሴቷ ሞላ ያለ ነው። ከየቀለሙ ቢያንስ አምስት አምስት ወንድ ያዝ። የደረቀውን ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ እርጥብ ሶፍት ላይ 24 ሰዓት አቆየው፤ ሳይለሰልስ ከነካኸው እግሩም አንቴናውም ይሰበራል። ከዚያ ጫፉ በታጠፈ መርፌ ከኋላ ገብተህ ቡናማውን ጠንካራ ቱቦ ቀስ ብለህ ሳብ። ሥጋው እንዲለቅ 10 ግራም ኮስቲክ ሶዳ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ አሟሙተህ ለጥቂት ሰዓት ንከረው። ሶዳውን ወደ ውሃው ጨምር፣ ውሃውን ወደ ሶዳው በፍጹም፤ ጓንትና መነጽርም አይቅር። ብዙ ከቆየ ስስ ክፍሎቹ ይበላሻሉ። በውሃ አጥበህ ኮምጣጤ ጠብ አድርግበት።

የምታነጻጽረው ጫፉ ላይ ያሉትን ጥንድ ቁራጮች ነው፣ ፓራሜር ይባላሉ። ከላይም ከጎንም እያቸው። የቢጫውም የጥቁሩም ቅርጽ አንድ ከሆነ አንድ ዝርያ ብለህ መዝግብ። አንዱ ሹል ሌላው ደነዝ ከሆነ ግን ቀለማቸው አንድ ቢሆን እንኳ ለያቸው።

ደጋ_ነፍሳት፦
በተባለው ላይ ስለ ስሙ ልጨምር። የድሮ ሰብሳቢዎች ለነጠብጣብ ልዩነት ሁሉ ስም ያወጡ ነበር፤ ያደናገረህ እሱ ይመስለኛል። በእንስሳት ስያሜ ሕግ መሠረት ከ1960 (እ.ኤ.አ.) በኋላ «ቫራይቲ» ወይም «ፎርም» ተብሎ የወጣ ስም አይጸናም። ከዚያ በፊት የወጣው እንደ ንዑስ ዝርያ ስም ሊቆጠር ይችላል፣ ስለዚህ ዓመቱን ሳታይ አትጣለው። ንዑስ ዝርያ ደግሞ የራሱ አገር ሊኖረው ይገባል፤ ቢጫውና ጥቁሩ አንድ ሙዝ ላይ አብረው ከተያዙ ያ ስም አይሠራም።

መለያ ወረቀቱ ላይ ከፍታውን አትርሳ፣ እለምንሃለሁ። ከሱባ ጫካ ሥር እስከ ወጨጫ ተራራ ጫፍ ከ1000 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። በብዙ ጥንዚዛዎች ፑፓው (እጩ ወደ ጥንዚዛ የሚለወጥበት ደረጃ) ብርድ ውስጥ ሲያድግ ጥቁሩ ይሰፋል። ጥቁሮቹ ወደ ላይ እየበዙ መሄዳቸውን የሚነግርህ የከፍታው ቁጥር ብቻ ነው።

ዳዊት_ሰበታ፦
እናመሰግናለን። የአንዳንዶቹ ቢጫ ከተሰኩ በኋላ ወደ ቡናማ ሄዷል። ይህስ ሌላ ቀለም ተብሎ ይቆጠራል?

መርፌና_ሣጥን፦
አይቆጠርም፣ ስብ ነው። ሆዱ ውስጥ ያለው ስብ ወጥቶ ክንፉን ሲያርሰው ቢጫው ይጠቁራል። ክዳኑ ግጥም ባለ ብርጭቆ ውስጥ አሴቶን ላይ አንድ ቀን ንከረው፤ ፈሳሹ ቢጫ ከሆነ ቀይርና ድገመው። መስኮት ክፈት፣ እሳት አታቅርብ። ለወደፊቱ ፍሪዘር ውስጥ 48 ሰዓት አቆይተህ ግደላቸው፣ ቀለሙን አይነካም። ክንፉ ገና ለስላሳ የሆነውን ጭራሽ አታነጻጽረው፣ ቀለሙ አልበሰለም።

ደጋ_ነፍሳት፦
ቁርጡን የሚነግርህ ማራባት ነው። አንዲት ሴት ለብቻዋ 15 ሳንቲ ሜትር የበሰበሰ ቅጠልና የቆየ ፍግ የተሞላ ባልዲ ውስጥ አስገባ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን አትቀላቅልበት። እጮቹን ለሁለት ክፈል፤ ግማሹን 28 ዲግሪ ላይ፣ ግማሹን በቤቱ ሙቀት አሳድግ። ከአንድ እናት ሁለቱም ቀለም ከወጣ ዝርያው አንድ ነው፤ ጥቁሩ በብርዱ በኩል ብቻ ከበዛ ደግሞ ምክንያቱ ሙቀቱ ነው። አፈሩ ሲጨበጥ ይያያዝ እንጂ ውሃ አይውጣው፤ ከረጠበ ፑፓው ያለበት የአፈር ቤት ይፈርሳል።