ለእማዬ የሚሆን ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ጠቁሙኝ

ወገኖቼ፣ እባካችሁ እርዱኝ። እማዬ ታማ ከተኛች ወዲህ ማታ ማታ መጽሐፍ አነብላታለሁ። የፍራንሲን ሪቨርስን «ሪዲሚንግ ላቭ» ጨረስን። የትንቢተ ሆሴዕን ታሪክ ወደ ካሊፎርኒያ የወርቅ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ወደ 1850 ገደማ ያመጣ ነው። ባለታሪኩ ሚካኤል ጥላው የሄደችውን ሚስቱን አንጀልን ሊመልሳት ሲሄድ፣ እማዬ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። «አታቁሚ፣ ቀጥይ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጀምረን ሦስቱንም ተውናቸው። አንዱ ከዳር እስከ ዳር ስብከት ነው። ሌላው ደም በደም ነው። እሷ የምትወደው ልብ የሚያንጠለጥል፣ ግን እንቅልፍ የማይነሳ ነው። ፍቅሩ የድሮ ዘመን ቢሆን ደስ ይላታል። እምነቱም ከሰዎቹ ኑሮ የሚወጣ እንጂ ላዩ ላይ የተለጠፈ ባይሆን። የፍራንክ ፔሬቲ ይቅርብን፣ አጋንንቱ ያስፈሯታል። የጃኔት ኦክ «ላቭ ካምስ ሶፍትሊ» ይሆናት ይሆን? ያነበባችሁ ንገሩኝ። ለዛሬ ማታ የማነብላት የለኝም።