800 ዊኬት ስንት ነው? ክሪኬት የምታውቁ እርዱኝ

የሻርጃው
ሰላም ቤተሰብ። ሻርጃ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ክፍል የምጋራው ከአንድ ሲሪላንካዊ፣ ከአንድ ፓኪስታናዊና ከአንድ ባንግላዴሻዊ ጋር ነው። አርብ አርብ ባዶ ሜዳ ላይ የቴኒስ ኳስ በፕላስተር ጠቅልለው ይጫወታሉ፤ እኔም ኳስ አሳድዳለሁ። ማታ ግን ክርክር ነው። ሲሪላንካዊው «ሙራሊ፣ 800!» ብሎ ይዘጋል፤ የአገሩን ወርዋሪ ሙራሊታራንን ማለቱ ነው። ፓኪስታናዊው ኢምራን ካን ይላል። የባንግላዴሹ ልጅ የአገሩን ሻኪብ አል ሀሰንን ያነሳና ይስቁበታል። ሕጉን ለምጃለሁ፣ ቁጥሩ ግን አይገባኝም። ማን ነው የሚበልጠው?

ፑኔ ዶርም
ወንድሜ፣ ህንድ አገር ፑኔ ስማር ከህንዶች ጋር ነው ዶርም የኖርኩት። ይህ የኔ ጥያቄ ነው።

በቴስት፣ እስከ አምስት ቀን በሚቆየው የአገራት ጨዋታ፣ አንድ ቡድን ሁለት ዙር ይመታል፣ በየዙሩ 10 ዊኬት አለው፤ ወርዋሪ ዊኬት ጣለ ማለት አንድ መቺ አስወጣ ማለት ነው። ለማሸነፍ አብዛኛውን ጊዜ በአምስት ቀን 20 ዊኬት መጣል አለብህ። ሙራሊታራን 800 የጣለው በ133 ጨዋታ ነው። አካፍለው፤ በየጨዋታው 6! አውስትራሊያዊው ሼን ዋርን ለ708 ዊኬት 145 ጨዋታ ፈጅቶበታል። ጄምስ አንደርሰን በ188 ጨዋታ 704 አለው፤ ፈጣን ወርዋሪ ሆኖ እስከ 41 ዓመቱ መቆየቱ ለብቻው ይገርመኛል።

800ኛዋን በቲቪ አይቻታለሁ። ጁላይ 2010፣ ጋል ከተማ፣ ከህንድ ጋር። ሙራሊ 792 ላይ እያለ «ይቺ የመጨረሻዬ ናት» ብሎ አስታወቀ። ስምንት ጎድሎት! ዝናብ ደግሞ አንድ ቀን በላበት። በመጀመሪያው ዙር 5 ጣለ፣ በሁለተኛው 2። 799 ላይ ቆመ። ለህንድ የቀረው አንድ ዊኬት ብቻ ነው፤ እሱንም ሌላ ወርዋሪ ከወሰደው አለቀ። ኢሻንት ሻርማና ፕራግያን ኦጃ፣ መምታት ሥራቸው ያልሆነ ሁለት ልጆች፣ አንወጣም አሉ። ዶርሙ ሙሉ ለእነሱ ያጨበጭባል፣ እኔ ብቻዬን ለሙራሊ እጸልያለሁ። በመጨረሻ ኳሷ የኦጃን ዱላ ነክታ ሄደች፤ ስሊፕ ላይ፣ ከመቺው ጀርባ በጎን፣ የቆመው የሙራሊ ቡድን ጓደኛ ማሄላ ጃያዋርደነ ያዛት። ማሄላ ከሙራሊ ኳስ 77 ሰው ይዞ አስወጥቷል። የመጨረሻዋንም እሱ መያዙ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

በሻኪብ ደግሞ አትሳቁ። በአንድ የወንዶች ቴስት መቶ ረን (ነጥብ) መትተው 10 ዊኬትም የጣሉት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ኢያን ቦታም ሙምባይ ላይ 1980፣ ኢምራን ፋይሳላባድ 1983፣ ሻኪብ ኩልና 2014።

የሜልበርን ልጅ
ግማሹን ብቻ ነው የነገርከው። ከ800ው ውስጥ 176ቱ ከባንግላዴሽና ከዚምባብዌ የተገኙ ናቸው፤ ያኔ ሁለቱም ደካማ ነበሩ። ዋርን ከእነሱ ያገኘው 17 ብቻ ነው። ቀንሰህ እየው፤ ዋርን 691፣ ሙራሊ 624። እኔ ከዋርን አልነቃነቅም።

ፑኔ ዶርም
ቁጥርህ ልክ ነው። ግን ዋርን በሌላው ጫፍ የሚወረውር የቡድን ጓደኛ፣ ማግራት ነበረው፣ ባለ 563 ዊኬቱ። ሙራሊ ቻሚንዳ ቫስ ቢያግዘውም ሸክሙ እሱ ላይ ነበር። በአንድ ዙር 5 እና ከዚያ በላይ የጣለው 67 ጊዜ ነው፣ ዋርን 37። ይህን ደካማ ቡድን ብቻ አይሰጥህም።

ከደርባን
እናንተ ስለ ሁለገብ፣ ስለሚመታም ስለሚወረውርም ተጫዋች፣ ስታወሩ ዣክ ካሊስን ትረሳላችሁ? 13,289 ረን፣ 292 ዊኬት፣ በዚያ ላይ 200 ካች፣ መሬት ሳይነካ የያዘው ኳስ። እኔ የምመዝነው እንዲህ ነው። በአማካይ ከሚመታው ረን ላይ፣ ሲወረውር ለአንድ ዊኬት በአማካይ ለተጋጣሚ የሚሰጠውን ረን እቀንሳለሁ። ጋሪ ሶበርስ 57.78 ሲቀነስ 34.03፤ 23.75 ይተርፈዋል። ካሊስ 55.37 ሲቀነስ 32.65፤ 22.72። ኢምራን 37.69 ሲቀነስ 22.81፤ 14.88። ሶበርስ በጥቂቱ ይበልጣል፣ አምናለሁ። ግን ካሊስ 166 ጨዋታ ሙሉ፣ ሶበርስ ከተጫወተው 93 በ73 የሚበልጥ፣ እንደዚያ መቆየቱን እኔ አስበልጣለሁ።

የሻርጃው
ተባረኩ ሁላችሁም። ስለ ኩልና ለባንግላዴሹ ልጅ ነገርኩት፤ ዝም ብሎ ተነስቶ ሻይ አፈላልኝ። ሲሪላንካዊው 176ቷን ሲሰማ ተኮሳትሮ ነበር፣ 67ቷን ስነግረው ፊቱ ፈታ። ፓኪስታናዊው ግን የቅነሳውን ሂሳብ አልቀበልም ብሏል። የፊታችን አርብ በመጀመሪያ የምወረውረው እኔ ነኝ።