አስቸኳይ፦ የተራራ ጫማዬ ሶል መንገድ ላይ ተላቀቀ፣ ምን ላድርግ?

ሀበሻ ማንቸስተር
ሰላም ለሁላችሁ። የቀኝ ጫማዬ ሶል ከአፍንጫው እስከ መሃሉ ተላቀቀ። ተረከዙ ጋ ብቻ ነው የያዘው። እግሬን ባነሳሁ ቁጥር አፉን ከፍቶ ጭቃ ይዝቃል። ግድቡን አልፈን ትንሿ ድልድይ ጋ ቆመናል። አናቱ ላይ ወጥተን በወዲያኛው በኩል ባቡሩ ጋ ልንወርድ ነበር። በምን ልሰረው? የያዝነው ውኃ፣ ዳቦና ጃንጥላ ነው። ኔትወርኩ መጣ ሄደ ይላል፣ እባካችሁ ቶሎ።

ናዝሬት ልጅ
የቱ ግድብ? እዚያ አገር እኮ በየተራራው ሥር ግድብ ነው። ጫማህ ግን አፉን ከከፈተ ርቦታል፣ ከዳቦው አካፍለው።

እትዬ ሙሉ
ልጄ፣ ስንት ናችሁ? ሕፃን አብሯችሁ አለ? ስንት ሰዓት ሆነ?

ሀበሻ ማንቸስተር
ማንቸስተር አጠገብ ያለችው ሀይፊልድ፣ ኪንደር ተራራ ሥር ያለው ግድብ። ሁለት ጓደኞቼና የእህቴ ልጅ አሉ፣ 10 ዓመቷ ነው። 7 ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ናዝሬት ልጅ
በኛ ነው በነሱ?

ሀበሻ ማንቸስተር
በኛ። ቀን ነው ቀን!

የሰፊ ልጅ
አባቴ ጫማ ሰፊ ነው፣ ስለዚህ ይቺን ስማኝ። መጀመሪያ የተላቀቀበትን ቦታ ውስጡን በጣትህ ነካ አድርገው። ስፖንጁ እንደ ደረቀ አይብ ይፈረፈራል?

ሀበሻ ማንቸስተር
አዎ! ልክ እንደዚያ። ጣቴ ላይ ቀረ። ግን ጫማው አዲስ ነው እኮ። የዛሬ 8 ዓመት ገዝቼው ከአምስት ጊዜ በላይ አላደረግኩትም። አጭበርብረው ነው የሸጡልኝ።

የሰፊ ልጅ
አላጭበረበሩህም ወንድሜ። ቁም ሳጥን ውስጥ ስለቆየ ነው። መሃሉ ያለው ስፖንጅ ፖሊዩሪቴን ይባላል። ከአየሩ እርጥበት እየሳበ በዓመታት ውስጥ ይበሰብሳል። በየሳምንቱ የሚደረግ ጫማ እንዲያውም ይሻላል፣ የተቀመጠው ነው ቶሎ የሚሞተው። ከላይ ቆዳው ያብረቀርቃል፣ ውስጡ አልቋል።
አሁን ዋናው ነገር፦ ግራውም እኩል ዕድሜ አለው፣ ሳይላቀቅ አብረህ እሰረው። ከቦርሳህ ወይም ከጃኬትህ ኮፍያ ገመድ ፍታ። ሻርፕም ይሆናል። ጭቃውን ጠርገህ አንዱን ዙር በጣቶችህ ሥር፣ አንዱን በሶሉ መሃል አሳልፍና ከላይ አጣምረህ ቁርጭምጭሚትህ ላይ እሰር። ቋጠሮው ከታች አይሁን፣ ድንጋይ ይበጥሰዋል። ካልሲ ተርፎህ ከሆነ ከጫማው በላይ አጥልቀው፤ ገመዱንም ይይዝልሃል፣ እርጥብ ድንጋይ ላይም አያንሸራትትም።

ብሌን ሊድስ
ወፍራሙን ግራጫ ፕላስተር ጠቅልልበት።

የሰፊ ልጅ
አልያዙም እኮ። እርጥብ ጭቃ ላይም አይጣበቅም፣ መጀመሪያ መድረቅ አለበት። ግን ቅዳሜ ስለሆነ በዚያ መንገድ ሰው አይጠፋም። የሚያልፈውን ሁሉ ጠይቅ። አንዳንዶቹ ፕላስተር ውኃ መያዣቸው ላይ ጠቅልለው ነው የሚዞሩት።

የታሪክ ሰው
የቆማችሁበት መንገድ ተራ መንገድ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ? ሚያዝያ 1924 ዓ.ም.፣ በነሱ አቆጣጠር አፕሪል 24 ቀን 1932፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የማንቸስተርና የአካባቢው ወጣቶች ከሀይፊልድ ተነሥተው በዚሁ ሸለቆ ወደ ኪንደር ወጡ። ተራራው የባለርስቶች የወፍ ማደኛ ነበር። ሠራተኛው እሑድ እሑድ አየር ልቀበል ሲል ዘበኛ በዱላ ይመልሰው ነበር። ከመሪዎቹ አንዱ ቤኒ ሮትማን ገና የ20 ዓመት ልጅ ነበር፤ 4 ወር ታሠረ። በነሱ 1951 አካባቢው የእንግሊዝ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። መነሻቸው የነበረው የቦውደን ብሪጅ የድንጋይ ካባ ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ነው፣ ግድግዳው ላይ መታሰቢያ አለ። ስትመለሱ ልጅቷን አሳዩአት።

ብሌን ሊድስ
ወንድም ታሪክ፣ ሰውየው ባዶ እግሩን ሊቀር ነው!

ሀበሻ ማንቸስተር
አሰርኩት። የጓደኛዬ ሻርፕና የቦርሳ ገመድ ነው። ለጊዜው ይዟል። አሁን ወደ ላይ እንቀጥላለን። ሀይፊልድ ባቡር የለውም፣ በወዲያኛው በኩል ያለው ኤዳል ግን አለው። ተራራው ደግሞ 636 ሜትር ነው። እኛ ከ3,000 ሜትር በላይ እንጦጦን ስንወጣ ያደግን ነን።

ሸፊልድ ነኝ
ቆይ ቆይ ቆይ። እንዳትቀጥል። በዚያ ተራራ 11 ዓመት ተመላልሻለሁ።
ቁመቱ አይደለም ነገሩ። እንጦጦ ላይ ቁልቁል ከሄድክ ከተማ ትገባለህ። ኪንደር ግን አናቱ ጠፍጣፋ ነው። መንዝ ጓሳን ካየህ ከሩቅ ያንን ይመስልሃል፤ ሣር፣ ሰማይ፣ ንፋስ። ስትገባበት ግን ከሥሩ ያለው በሺህ ዓመታት የበሰበሰ ዕፅዋት የሠራው ጥቁር አፈር ነው። ውኃ የጠገበ ስፖንጅ በለው። ጎርፍ ቦይ በቦይ አድርጎታል። አንዱን ቦይ ወጣሁ ስትል ሌላው ይጠብቅሃል። ጉም ሲወርድ ደግሞ አራቱም አቅጣጫ አንድ ነው። እኔ ራሴ ኮምፓስ ይዤ ክብ ዞሬ የገዛ ዱካዬን አግኝቻለሁ።
አሁን ኅዳር ነው። ፀሐይ 10 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ትጠልቃለች። ካላችሁበት በአናቱ ዞሮ ኤዳል ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መጀመሪያ የምትወጡት ሸለቆ ራሱ ወንዙን ደጋግሞ ያሻግራል፣ ሻርፕህ እዚያው ይበሰብሳል። ወደ ኋላ ግን ቦውደን ብሪጅ 3 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ መጨረሻው አስፋልት። ከሀይፊልድ አውቶቡስ አለ።

ሀበሻ ማንቸስተር
ልጅቷ ፏፏቴውን አሳይሻለሁ ብያት ነው የመጣችው።

እትዬ ሙሉ
ፏፏቴው የትም አይሄድም የኔ ልጅ። እኔ ልጆቼን በዚህ አገር ብርድ አሳድጌያለሁ። ልጅ ሲበርዳት አትናገርም፣ ዝም ነው የምትለው። አሁን ዝም ብላለች? ከንፈሯን እየው። እግሯ ረጥቧል? ደረቅ ካልሲ ካለ ለጫማህ ሳይሆን ለእሷ አድርግ። ዳቦውንም አሁን ብሉት፣ ቤት እስክትደርሱ አታቆዩት።

ናዝሬት ልጅ
ፏፏቴውን በበጋ አሳያት። ደግሞ ንፋስ ከምዕራብ ሲመጣ ውኃው ወደ ላይ ተመልሶ ይረጫል አሉ፣ ያን ቀን ጠብቃችሁ ሂዱ።

ሸፊልድ ነኝ
እውነት ነው፣ ከሀይፊልድ ሆነህ እንደ ጭስ ይታያል። ፏፏቴው ወደ 30 ሜትር ነው። በበጋ ግን ውኃው ይደርቃል፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ነው የሚታየው።

ሀበሻ ማንቸስተር
ትንሽ ዝም ብላለች፣ እውነት ነው። ካልሲውን ቀየርኩላት። ካፊያ ጀመረ። አናቱ አይታይም አሁን። እሺ፣ እንመለሳለን። ባትሪዬ 22 ፐርሰንት ነው። በግድቡ ዳር በታች በኩል ማቋረጥ ይቻላል? አጭር ይመስላል።

ሸፊልድ ነኝ
አይቻልም። አጥር አለው፣ ዳገቱም ያዳልጣል፣ ውኃው በበጋ እንኳ ጡንቻ የሚያደርቅ ብርድ ነው። በመጣችሁበት ተመለሱ፤ ስትመጡ ግድቡ በቀኝ ነበር፣ ስትመለሱ በግራ ይሁን። መጨረሻ ላይ በድንጋይ የተነጠፈ ቁልቁለት አለ። እዚያ ሶልህ ይከዳሃል፣ ተረከዝህን አስቀድመህ በጎን በጎን ውረድ። ልጅቷን ከፊትህ ሳይሆን ከጎንህ አድርጋት። ከግድቡ በር በኋላ መንገዱ ደህና ነው።
አንድ ሰው ከወደቀ ወይም መንገድ ከጠፋችሁ 999 ደውላችሁ መጀመሪያ ፖሊስ በሉ፣ ከዚያ የተራራ አድን ቡድን እንፈልጋለን በሉ። በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ አያስከፍሉም። ብዙ ሰው ገንዘብ ይጠይቁኛል ብሎ ፈርቶ ሳይደውል ይጨልምበታል። ፊሽካ ካላችሁ በደቂቃ 6 ጊዜ፣ አንድ ደቂቃ ዝም፣ እንደገና 6 ጊዜ። በባትሪ መብራትም እንደዚያው።

ብሌን ሊድስ
ወፍራሙ ፕላስተር ከተገኘ አሁንም ይሻላል እላለሁ።

ሀበሻ ማንቸስተር
ተገኘ! አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ከነውሻቸው ሲወርዱ አገኘናቸው። ጠርገው፣ በራሳቸው መሐረብ አድርቀው፣ ጠቅልለው ሰጡኝ። እስከ ታች አብረን እንሂድ ብለዋል። ልጅቷ ውሻውን ይዛለች።

እትዬ ሙሉ
እግዜር ይስጣቸው። ተመስገን።

ሚካ ስቶክፖርት
አሁን ገና ነው ያየሁት። ቤቴ ከሀይፊልድ ሩቅ አይደለም፣ መኪና አለኝ፣ ዛሬ ሥራ የለኝም። አውቶቡስ አትጠብቁ። ቦውደን ብሪጅ መኪና ማቆሚያ ጋ እጠብቃችኋለሁ። ሻይ በቴርሞስ ይዣለሁ።

የታሪክ ሰው
ሚካ፣ መታሰቢያው ያለው እዚያው ነው።

ጽጌ በርሚንግሃም
ይቅርታ፣ የኔም ጫማ ከ2015 ጀምሮ ካርቶን ውስጥ ነው። ሳላደርገው እንዴት ልፈትሸው?

የሰፊ ልጅ
ሶሉን በሁለት እጅሽ ይዘሽ አጥብቀሽ እጠፊው፣ ስፖንጁንም በአውራ ጣት ተጫኚው። መስመር መስመር ከተሰነጠቀ ወይም ከተፈረፈረ ለተራራ አይሆንም። ሙጫ አትግዢ፣ የበሰበሰ ነገር ላይ አይይዝም። አንዳንድ ጫማ ሶሉ ተገፎ በአዲስ ይቀየራል፣ ለሰፊ አሳዪው። ከቀየርሽም መጀመሪያ ሰፈርሽ ውስጥ አንድ ሳምንት አድርጊው።

እትዬ ሙሉ
ልጄ፣ የት ደረሳችሁ? አንድ ቃል ብቻ ጻፍልን።

ሸፊልድ ነኝ
ግድቡ ጋ ኔትወርክ ይጠፋል፣ አትጨነቂ እትዬ። ባትሪው እንዳያልቅ ስልኩን ቢያጠፋው ይሻላል።

ሚካ ስቶክፖርት
ደርሻለሁ። 9 ሰዓት ከሩብ ነው። ዝናቡ በርትቷል። ገና አልወረዱም። የመኪናዬን መብራት ወደ መንገዱ አብርቼዋለሁ።