የ2019 ዓ.ም. ጉዞ ረቂቅ፦ ኮን ዳዎ

ሰብሳቢ፦
የማኅበራችን የጉዞ ረቂቅ ይኸው። ቬትናም፣ ኮን ዳዎ፣ መጋቢት አጋማሽ። ደሴቶቹ አሥራ ስድስት ናቸው፤ የምናርፈው ትልቁ ላይ፣ ኮን ሶን ነው። በዚያ ወር የሰሜን ምሥራቁ ነፋስ ያልፍና ባሕሩ ይረጋጋል። የምንሄደው ግን ለአሸዋው ብቻ አይደለም። ፈረንሳዮች በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. የከፈቱት እስር ቤት እስከ 1975 ሠርቷል። ወደ 20,000 ሰው እንደሞተበት ይገመታል። ኋላ አገር የመሩት ሌ ዱዋንና ፋም ቫን ዶንግ ታስረውበታል። ስለ ናኩራ፣ ጣልያን በቀይ ባሕር ደሴት ላይ ስለከፈተው እስር ቤት፣ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። አስተያየት እስከ እሁድ።

ሒሳብ ያዥ፦
መጀመሪያ መዋጮ። ሦስት ወር ያልከፈሉ አሉ። የዛንዚባሩ ቀብድ እንዴት ውኃ እንደበላው ታውቃላችሁ፤ ዘንድሮ ለደላላ አንድ ብር አይወጣም። ደግሞ ኮን ዳዎ ሦስት ትኬት ነው። ሃኖይ ድረስ በራሳችን አየር መንገድ፣ ከዚያ ሆ ቺ ሚን ከተማ፣ ከዚያ ትንሽ አውሮፕላን ወይም ከቩንግ ታው ጀልባ።

የመገናኛው፦
የጀልባውን ዋጋ ለእኔ ተዉት። ማክሰኞ አመጣለሁ።

የሣሪሷ፦
መጋቢት ሁዳዴ ነው! የካቲት 29 ይገባል፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። ቀኑን ማን ነው ያወጣው?

ሰብሳቢ፦
ጾመኛ እዚያ አይቸገርም። ሩዝ አለ፣ ቶፉ አለ፣ አትክልቱ በሽ ነው።

የሣሪሷ፦
አትክልቱ ላይ የሚፈሰውስ? ኑክ ማም ይሉታል። ትንንሽ አሳ ከጨው ጋር በትልልቅ የእንጨት በርሜል ዓመት ገደማ ከርሞ የሚወጣ ፈሳሽ ነው። ጎመኑ ላይ አለ፣ ሾርባው ውስጥ አለ፣ ማጥቀሻውም እሱ ነው። ሳላውቅ መግደፍ አልፈልግም።

የዱባዩ፦
ለጠብታ መረቅ ጉዞ ሊቀር ነው? አሳው እኮ የለም፣ ውኃው ነው።

ዲያቆኑ፦
የሥጋ መረቅ በጾም ትጠጣለህ? በሁዳዴ አሳ የለም፣ ከአሳ የወጣም የለም። እዚህ ላይ ድርድር አትክፈቱ።

የዱባዩ፦
እኔ ልጅ ሆኜ በጾም አሳ የሚበላ ቤት ስንት አውቃለሁ። ሁሉም እንደ አባቱ ነው።

የሣሪሷ፦
የእኔን ጾም አንተ አትለካልኝም። ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት ብር ነው። ሃምሳ ቀን ጾሜ ለአንድ ሳምንት ላበላሸው?

ነርሷ፦
ኧረ ረጋ በሉ። ቬትናሞች ራሳቸው ይጾማሉ። ብዙ ቡድሂስቶች በጨረቃ አቆጣጠር በወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን ሥጋም አሳም አይነኩም። «ቻይ» የሚል ምግብ ቤት ፈልጉ። ከአሳው ይልቅ በአኩሪ አተር ስጎ ነው የሚሠሩት።

ዲያቆኑ፦
ትንሽ ደሴት ላይ ስንት «ቻይ» ቤት ይገኛል? ተመልሰን የቆሎ ከረጢት ልንሸከም ነው።

የጀሞው፦
እኔንስ የጠየቀኝ አለ? ሙስሊም ነኝ፣ ለአሳው ግድ የለኝም፤ የአሳማ ስቡ ነው የሚያሳስበኝ። እሱን ያነሳ ሰው የለም። ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

ሰብሳቢ፦
ልክ ነህ፣ ረቂቁ ላይ መግባት ነበረበት። አሁን አስገባዋለሁ።

የሳርቤቷ፦
ከዚህ ሁሉ ሌላው የቬትናም ደሴት፣ ፉ ኩዎክ አይሻልም? በቀጥታ እዚያ ለሚገባ የውጭ ሰው 30 ቀን ያለ ቪዛ ነው። ኮን ዳዎ ግን ኢ-ቪዛ ይጠይቃል፣ 25 ዶላር በነፍስ ወከፍ። ባይ ሳዎ የሚባለው ባሕር ዳርቻ አሸዋው ነጭ ነው። ባሕሩን አቋርጦ ወደ ሆን ቶም የሚወስደው ኬብል ካር ስምንት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። እስር ቤትም ካላችሁ አለ፤ በቬትናም ጦርነት ጊዜ እስከ 40,000 ምርኮኛ የያዘ።

የሣሪሷ፦
ፉ ኩዎክ? የኑክ ማሙ አገር እኮ ነው! የአውሮፓ ኅብረት ስሙን ሳይቀር የጠበቀለት መረቅ የሚወጣው ከዚያ ነው። እያሾፋችሁብኝ ነው?

የሳርቤቷ፦
ማን አሾፈ? ቪዛ አልኩ እንጂ መረቅ አላልኩም። ሰው ለመርዳት ሲሞክር ከተሰደበ እኔ ወጥቻለሁ።

ሒሳብ ያዥ፦
ሃኖይ ላይ ወርደን ከተማ ከገባን ያ ነፃ ቪዛ አይሠራም። ሂሳቡ ያው ነው።

ሰብሳቢ፦
የመገናኛው፣ ማክሰኞ አለፈ። የጀልባው ዋጋስ?

ጋሼ (መሥራች አባል)፦
ልጆች፣ ቀኑን ብታዞሩትስ? ከፋሲካ በኋላ በግንቦት ኮን ዳዎ ላይ የባሕር ኤሊ ለእንቁላል መውጣት ይጀምራል። ጾምም የለም። እኔ ግን የምለምናችሁ የእስረኞቹ መቃብር፣ ሃንግ ዩዎንግ፣ እንዳይቀር ነው። ፈረንሳዮችን የታገለችው ቮ ቲ ሳው በ1952 እ.ኤ.አ. ስትረሸን ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም። ሰው እስከ ዛሬ በሌሊት መቃብሯ ላይ አበባ፣ ማበጠሪያና መስተዋት ያኖርላታል። «የነብር ጎጆ» የሚሏቸውን የእስር ቤቱን ክፍሎችም ማየት አለብን። ጣሪያቸው የብረት ፍርግርግ ነው፤ ጠባቂ ከላይ ቆሞ እስረኛው ላይ ኖራ ይበትን ነበር። በ1970 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ሄደው አይተው ነው ዓለም የሰማው። ይህን ለማየት ነበር የተነሳነው።

የሣሪሷ፦
ከፋሲካ በኋላ ከሆነ እኔ ተቃውሞ የለኝም። የዱባዩ፣ የተናገርኩትን በክፉ አትየው።

የዱባዩ፦
የለም እህቴ፣ እኔም አብዝቻለሁ። ግን ግንቦት ላይ ፈቃድ አላገኝም።

ሒሳብ ያዥ፦
ግንቦት ከሆነ ሦስት ትኬቱን ማኅበሩ አይችለውም። በቀጥታ እላለሁ። ሃኖይ ወርደን በመኪናና በጀልባ ካት ባ ደሴት እንሂድ። ከሃ ሎንግ ባሕረ ሰላጤ ጋር በ2023 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዝግቦታል። ታሪክም አለው፤ በጦርነቱ ጊዜ ዋሻ ውስጥ የተሠራ ባለ ሦስት ፎቅ ሆስፒታል አለ። የአገር ውስጥ በረራው ተረፈ ማለት ነው።

ጋሼ፦
ካት ባ ጥሩ ነው። ግን ኮን ዳዎ አይደለም።

ነርሷ፦
እኔ ካት ባን እደግፋለሁ። እዚያ ብቻ የሚገኝ፣ ቁጥሩ መቶ የማይሞላ ዝንጀሮ አለ።

የጀሞው፦
ካት ባ ላይ ሃላል ምግብ አለ ወይ? ለሁለተኛ ጊዜ እየጠየቅሁ ነው።

ሰብሳቢ፦
የሳርቤቷ፣ ተመለሺ፣ ማንም አልሰደበሽም። የመገናኛው፣ አለህ? እንግዲህ አዲሱ ረቂቅ ሃኖይና ካት ባ፣ ግንቦት ይሆናል። ሃላሉን እኔ ራሴ አጣራለሁ። ኮን ዳዎ ገንዘብ ከተረፈ በሚል ይግባ።

ጋሼ፦
«ከተረፈ» የሚለው ይውጣ። ኮን ዳዎ በድምፅ ይወሰን።

ሒሳብ ያዥ፦
ድምፅ የሚሰጠው መዋጮ የከፈለ ነው። እስከ ዓርብ።