የሐሞት ቱቦዋ ሳይዘጋ አይቀርም የተባለች ሕፃን፦ ቀዶ ሕክምናው ከክርስትናዋ በፊት ወይስ በኋላ?

ጠያቂ (ከመሐል ሜዳ)

ጤና ይስጥልኝ። ሴት ልጃችን ሰባተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ከተወለደች ጀምሮ ዓይኗ ቢጫ እንደሆነ ነው፤ መጀመሪያ የታየችበት ጤና ተቋም ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቋት ስላለን እንደተባልነው ስናደርግ ቆየን። ጡት በደንብ ትጠባለች፣ ክብደቷም ስለጨመረ ብዙ አልሠጋንም። አሁን ደብረ ብርሃን ያያት ሐኪም ሰገራዋ ነጣ ማለቱን፣ ሽንቷም ጨርቁን ማቅለሙን አይቶ ደሟን አስመረመረና፣ «ቢሊያሪ አትሬዥያ» የሚባል አብሮ የሚወለድ የሐሞት ቱቦ መዘጋት ሊሆን ስለሚችል ሳትዘገዩ አዲስ አበባ ሂዱ ብሎ ሪፈር ጻፈልን። እናቴ ግን በ80 ቀኗ ክርስትና ሳትነሣ ቢላ አይነካትም ትላለች። እኔም ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ልጆች ብዙዎቹ ውሎ አድሮ ጉበታቸው እንደሚደክም አንብቤ ልቤ ተከፍሏል። ትንሽ እስክትጠነክር መጠበቁ አይሻልም?

መልስ (የሕፃናት ሐኪም፣ ደብረ ብርሃን)

እባክዎ አይጠብቁ። በዚህ በሽታ ሕፃኗ እየጠነከረች ስትመስል ጉበቷ እየጠነከረ አይደለም፤ ሐሞቱ መውጫ አጥቶ እዚያው ስለሚጠራቀም ጉበቱ በየሳምንቱ እየጠባሰ ይሄዳል። ወላጅን የሚያዘናጋው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደኅንነት ነው፤ እነዚህ ሕፃናት ሲወለዱ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ይመስላሉ፣ ይጠባሉ፣ ይወፍራሉም።

የአራስ ቢጫነት ሁሉ አንድ አይደለም። ብዙ አራሶች ላይ የሚታየውና ብርሃን የሚቀንሰው ቢጫነት ጉበት ገና ያላጣራው ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ንጥረ ነገር የሚያመጣው ነው። የእርስዎ ልጅ ላይ የሚጠረጠረው ግን ጉበት አጣርቶት መውጫ ያጣው፣ በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ «ዳይሬክት» ተብሎ የሚጻፈው ነው፤ እሱን ፀሐይ አይነካውም። ስለዚህ ቢጫነቱ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሕፃን ሁሉ ይህ ምርመራ ሊደረግለት፣ ሰገራውም በዓይን ሊታይ ይገባል። እናቶችን «ቀለሙ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ጨርቁን ፈትቶ ማየት ያስፈልጋል። ነጭ፣ አመድማ ወይም ገርጣ ያለ ቢጫ ከሆነ ሐሞት አንጀት ውስጥ አልደረሰም ማለት ነው።

አዲስ አበባ ሳትጠባ ቆይታ አልትራሳውንድ ትነሣለች፤ ከጉበቷም ናሙና ሊወሰድ ይችላል። የመጨረሻው ማረጋገጫ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ቱቦው ውስጥ ቀለም ተሰጥቶ የሚነሣው ራጅ ነው። ምርመራው ሌላ ምክንያት ካሳየ ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ይቀራል፤ ይህም ቢሆን የሚታወቀው ስትሄዱ ነው።

መልስ (በሕክምና ምርምር ላይ የምሠራ)

ስለ ውጤቱ ያነበቡት እውነት ነው፤ ግን ከምን ጋር እንደሚነጻጸር ማየት ያስፈልጋል። ሳይታከሙ ከቀሩት አብዛኞቹ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ጃፓናዊው ሐኪም ሞሪዮ ካሳይ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመሩት ቀዶ ሕክምና የተበላሸውን ቱቦ አውጥቶ የትንሹን አንጀት ጫፍ ከጉበት ጋር ያገናኛል። ሐሞቱ በደንብ ከፈሰሰ ልጁ በራሱ ጉበት ለዓመታት፣ አንዳንዱም እስከ ጉልምስና ይኖራል፤ ካልፈሰሰ ወይም ጉበቱ ኋላ ከደከመ የጉበት ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል።

ታይዋን በ2004 (እ.ኤ.አ.) የሰገራ ቀለሞች ፎቶ ያለበትን ካርድ በአገር ደረጃ ለወላጆች ማደል ጀመረች። ከዚያ በፊት በ60 ቀን ውስጥ ቀዶ ሕክምና ያገኙት 49 በመቶ ያህሉ ነበሩ፤ በኋላ ወደ 66 በመቶ ደረሱ። ከቀዶ ሕክምናው ሦስት ወር በኋላ ቢጫነቱ የለቀቃቸውም ከ35 ወደ 61 በመቶ ገደማ ከፍ አሉ። በእነዚያ ዓመታት ሌላውም ሕክምና ስለተሻሻለ ልዩነቱን ሁሉ ለካርዱ መስጠት አልችልም፤ ሆኖም በቶሎ መደረጉ እንደሚጠቅም ከሌሎች አገሮች የተገኘውም ውጤት ይደግፋል። 60ኛው ቀን በር የሚዘጋበት ቀን አይደለም፤ ዕድሉ የሚቀንሰው ቀስ በቀስ ነው። ልጅዎ ግን ዛሬም ከዚያ በታች ናት፤ 80 ቀን መጠበቅ ይህን ዕድል ያሳልፈዋል።

መልስ (ካህን፣ ከደብረ ሲና)

ልጄ፣ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክላችሁ። ለእናትህ እንዲህ በልልኝ፦ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና መነሣቷ ሥርዓት ነው፤ ለሞት የሚያሰጋ ሕመም የያዘው ሕፃን ግን ቀኑ ሳይደርስ ይጠመቃል። እናቲቱ የመንጻት ቀኗ ስላልደረሰ ወደ ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ሕፃኗን የክርስትና እናቷ ይዛት ትገባለች። ዛሬውኑ የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ። ደግሞም ያልተጠመቀ ሕፃን አይታከም የሚል ሥርዓት የለንም፤ ካህን ለማግኘት ብላችሁ ጉዞውን አታዘግዩ።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የአባን መልስ ለእናቴ አነበብኩላት፤ ከንስሐ አባታችን ጋር ተነጋግራ ተስማምታለች። ነገ ማለዳ ከመሐል ሜዳ እንነሣለን። ለመንገዱ የምንጠነቀቀው ነገር አለ?

መልስ (የሕፃናት ሐኪም፣ ደብረ ብርሃን)

ጡቱን እንደልማዷ ትጥባ። ሐሞት አንጀት ካልደረሰ ቫይታሚን ኬ በደንብ ስለማይገባ እነዚህ ሕፃናት በቀላሉ ይደማሉ፤ ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ሪፈር የጻፈላችሁን ሐኪም አግኝታችሁ መርፌው ያስፈልጋት እንደሆነ ጠይቁት። ከእምብርቷ፣ ከአፍንጫዋ ወይም መርፌ ከተወጋችበት ቦታ ደም ካልቆመ፣ ወይም ከወትሮው በላይ ካንቀላፋች፣ አዲስ አበባ እስክትደርሱ ሳትጠብቁ በቅርብ ያገኛችሁት ሆስፒታል ግቡ። የደም ውጤቶቹን ሁሉ ያዙ፤ የሰገራዋንም ፎቶ በቀን ብርሃን አንሥታችሁ ለሚቀበላችሁ ሐኪም አሳዩት።