13 ፒክ በአንድ ፖስታ፦ እየተላላክን እንሞክር ወይ?

የመድኃኒት_ቤቷ (ሐዋሳ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ ማታ ማታ ማንዶሊን እጫወታለሁ። ጥያቄዬ ስለ ፒክ (ክር የምንመታባት ትንሽ ላስቲክ) ነው፣ ግን መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ።

ማንዶሊን እንደምታውቁት 8 ክር አለው፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ። ቅኝቱ እንደ ቫዮሊን ነው፣ ሶል ሬ ላ ሚ። ድምፁ ግን ቶሎ ይሞታል። ትዝታ ስጫወት አንዷን ድምፅ ጎትቼ ላቆያት ብል ጥንዱን ክር በፒክ ሳላቋርጥ ካላርገበገብኩት አትቆይልኝም። ጣጣዬ እዚህ ላይ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የተጫወትኩት በስስ የጊታር ፒክ ነው፣ ብርቱካናማዋ፣ 0.60 ሚሊ ሜትር። ሳርገበግብ ከዜማው ይልቅ የፒኳ ኳኳታ ይሰማል። አንድ ማታ እናቴ ከጓዳ ሆና "ዝናብ ጀመረ እንዴ? ልብሱን አስገቢ" ብላኛለች።

ክረምት ላይ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ 4 ፒክ አስመጣሁ። አንዷ ብቻዋን 35 ዶላር ናት። "ለዚች ላስቲክ?" እያለ ሲስቅብኝ ሰነበተ። ከዚህም ከዚያም የሰበሰብኩት ሲጨመር አሁን 11 አሉኝ። እዚህ አገር ደግሞ ሱቅ ገብቶ፣ ሞክሮ፣ መርጦ ፒክ መግዛት የለም፤ ያለውን ይዞ መውጣት ነው። ስለዚህ 11ዱንም በአንድ ፖስታ አሽጌ ልላክና አንድ ሰው ለአንድ ሳምንት ይጫወትባቸው፣ የተሰማውን ይጻፍ፣ ለሚቀጥለው ይላክ፣ ዞሮ ወደ እኔ ይመለስ ብዬ አሰብኩ። ማንዶሊን ብቻ አይደለም፣ ክራር በፒክ የሚገርፍም ይግባ።

አንዴ ሞክሬ ከስሬያለሁ። ዲላ ላለች ጓደኛዬ 3 ፒክ በተራ ፖስታ ሰድጄላት የደረሳት አንድ ብቻ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ወረቀቱ ውስጥ ልቅ አድርጌ ስለለቀቅኳቸው ጥግ ላይ ተጠራቅመው ቀደውት ወጥተዋል።

አሁን የምጠይቃችሁ፣ በፖስታ ቤት ይሻላል ወይስ መናኸሪያ ሄዶ ለሹፌር መስጠት? የፒኮቹ ስምና ዋጋ ይታወቅ ወይስ ይደበቅ? ቢጠፋስ ማን ይተካል? ማሸጊያው አይቸግረኝም። ኪኒን የምናድልባት ትንሽ ላስቲክ አለች፤ እያንዳንዱን ለብቻው ከትቼ ቁጥር እሰጠዋለሁ። 11ዱን የመድኃኒት ሚዛን ላይ አስቀምጫቸው ከነላስቲካቸው 20 ግራም አልሞሉም።

ቀንድ_ጠራቢ (አዳማ)

እንደምን አለሽ ልጄ። እኔ ጡረታ የወጣሁ እንጨት ሠራተኛ ነኝ፤ ማንዶሊንም ክራርም እነካካለሁ። ከሐዋሳ ቀጥሎ ወደ እኔ ይምጣ።

ስሙን ደብቂ። 35 ዶላር መሆኗን ያወቀ ሰው የሚሰማው ዋጋዋን ነው፣ እኔንም ጨምሮ። ቁጥርና ውፍረት ብቻ ይበቃል። ውፍረቱንም ፒኩ ላይ ከተጻፈው አትገልብጪ፤ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ያለው ሰው ፈልገሽ አስለኪው። ተጫውተሽባቸው ያለቁም ይኖራሉ።

አሁን ወደ ኳኳታው። ስስ ፒክ ክሩን ሲነካ ይጎብጣል፣ ከዚያ ተመልሶ እስኪቃና ሁለተኛው ክር ላይ ዘግይቶ ይደርሳል። ማንዶሊን ደግሞ ክሩ ጥንድ ነው፣ ውጥረቱም ከባድ ነው። የምትሰሚው "ጠቅ ጠቅ" የላስቲኩ ነው፣ የክሩ አይደለም። ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ውጪ፤ ሲጀመር ድንጋይ የያዝሽ ይመስልሻል፣ ታገሺው። ያለሽንም ቢሆን ዛሬ ማታ አዙረሽ ያዢው፤ በሹሉ ሳይሆን ክብ በሆነው ትከሻው ምቺ። ምንም ብር ሳታወጪ ድምፁ ይወፍራል።

ለውፍረት ያህል ጠርዙም ቁም ነገር ነው። ክሩን የሚነካው ጠርዙ ነው፤ ከቧጨረ ዜማውንም ይቧጭረዋል። እኔ የራሴን የምሠራው ከበሬ ቀንድ ነው። ዋንጫ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ፣ ቁርጥራጩን ይሰጠኛል። አፍልቼው ሲለሰልስ በሁለት ጣውላ መሀል ሞርሳ ላይ አጠብቀዋለሁ፤ በነጋታው ዝርግ ሆኖ ያድራል። በመጋዝ ቆርጬ፣ በሞረድ ቅርጹን አውጥቼ፣ ብርጭቆ ወረቀት ከ240 ቁጥር ጀምሬ እስከ 1000 እየቀያየርኩ አለሰልሰዋለሁ፤ መጨረሻ ቆዳ ላይ ይታሻል። የቀንድ አመሉ እርጥበትና ድርቀት ሲፈራረቅበት መጉበጡና መሰንጠቁ ነው። ዘይት ቀባ ቀባ አድርጌ አንዱን እልክልሻለሁ፣ 12ኛ ይሁን።

አላላኩን በተመለከተ፣ በፖስታ ቤት በአደራ ላኪው፣ ተፈርሞ ነው የሚወሰደው። ሹፌር ይፈጥናል፣ ግን ሞጆ ላይ ስልኩን ከዘጋ ማንን ትጠይቂያለሽ?

ደግሞም ክርሽ ምንድን ነው? ባረጀ ክር ፒክ አይፈተንም።

የመድኃኒት_ቤቷ (ሐዋሳ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትከሻውን ሞከርኩት፤ ሦስት ዓመቴን ማን ይመልስልኝ?

ክሩ የጊታር ነው። የማንዶሊን ክር እዚህ ፈልጌ አጣሁ። የጊታር ክር ጫፉ ላይ ያለችውን የነሐስ እንክብል በፒንሳ ጨፍልቄ አወጣትና ቀለበቱ ባዶ ይቀራል፤ እሱን የማንዶሊኑ መንጠቆ ላይ አስገባዋለሁ። ዙሩ ከመጀመሩ በፊት አዲስ አስራለሁ።

ሲም_ካርድ (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ 35 ዶላር? በሱ እኮ ክራር ይገዛል።

እኔ ክራር ገራፊ ነኝ። ሲም ስትገዙ ሲሟ ተነቅላ የምትቀረዋን ፕላስቲክ ትጥሏታላችሁ አይደል? እኔ አልጥልም። ውፍረቷ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። የኤቲኤም ካርድም ያው 0.76፣ በዓለም አቀፍ መስፈርት ስለሚሠራ የትም አገር አይለይም። ጊዜው ካለፈ ኤቲኤም ካርድ ቢያንስ 4 ፒክ ይወጣል፤ በመቀስ ቆርጬ ጠርዙን ሲሚንቶ ላይ ፈተግ አደርገዋለሁ፣ አለቀ። አንዱን 13ኛ አድርጊልኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ፒክ ሰበብ ነው፣ ዋናው እጅ ነው። የአየለ ማሞን ማንዶሊን የሰማ ሰው ስለ ፒክ ያወራል?

ቀንድ_ጠራቢ (አዳማ)

አየለ ማሞ የጥርስ መፋቂያ ቢሰጡት ይጫወትበታል። እኛ አየለ ማሞ ስላልሆንን ነው ፒክ የምንመርጠው።

ሲሚንቶ ላይ መፈተጉን ተው የኔ ልጅ። ክርህን የሚበላው እሱ ነው።

ከሩቅ_አገር (ሜሪላንድ)

እንዲህ ያለ ዙር እዚህ የብሉግራስ (የአሜሪካ ባህላዊ ሙዚቃ ነው) ማንዶሊን ተጫዋቾች ሲያደርጉት አይቻለሁ፤ እኔም ሁለቴ ገብቼበታለሁ። ከዚያ የቀረችኝን ላካፍል።

ያጠፋ ይተካል፣ ያለቀ አይተካም። ሳምንት ሙሉ የተጫወቱበት ጠርዝ ትንሽ መሳሳቱ አይቀርም፤ በሱ መጨቃጨቅ ከጀመራችሁ ዙሩ ሦስተኛው ሰው ጋ ይሞታል። ማሸጊያውን ደግሞ በሁለት ካርቶን መሀል አጣብቁት። እዚህ ጠንከር ያለ ዕቃ ያለበት ደብዳቤ በመለያ ማሽኑ ስለማያልፍ ተጨማሪ ይከፈልበታል፤ ሳይነግሩ የላኩት እንደሆነ ማሽኑ ይቀድደዋል።

ያቺ ባለ 35 ዶላሯ ብሉ ቺፕ የሚባለው ኩባንያ ፒክ ትመስለኛለች። ላይዋ ላይ ያለው 40 ወይም 50 የሚለው ቁጥር ሚሊ ሜትር አይደለም፣ የኢንች አንድ ሺህኛ ነው፤ 40 ማለት 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ 50 ማለት 1.27 ነው። ተሠርታበታለች የሚባለው ቬስፔል የተሰኘ ፕላስቲክ አውሮፕላን ሞተር ውስጥ ሰበቃ ለሚበዛበት ክፍል የሚውል ነው። ውድ የሆነችውም ጠርዟ ቶሎ የማያልቀውም በዚህ ምክንያት ነው። ድሮ እዚህ ሰው ሁሉ የሚመኘው ከባሕር ኤሊ ልባስ የተሠራውን ነበር። እሱ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ሳይቴስ በተባለው፣ ለመጥፋት በተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ ባለው ስምምነት ዓለም አቀፍ ንግዱ ታግዷል፤ ማንም "አለኝ" ቢል ፖስታችሁ ውስጥ እንዳታስገቡ።

የመድኃኒት_ቤቷ (ሐዋሳ)

ተወሰነ! በአደራ ይሄዳል፣ በካርቶን መሀል፣ ስሙ ተደብቆ። ጽሑፉ እንዳይታይ እያንዳንዱ ፒክ ላይ የቁስል ፕላስተር ለጥፌበታለሁ፤ እኛ ቤት ፕላስተር ሞልቷል። ከሐዋሳ አዳማ፣ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር (በውስጥ መስመር የጻፈችልኝ ማንዶሊን ተጫዋች አለች)፣ ከዚያ ቤቱ። ላስቲኩ ላይ "በቀን ___ ጊዜ" የሚለው ቦታ ላይ ውፍረቱን ጽፌያለሁ፤ ቁጥር 9 በቀን 1.4 ጊዜ ናት፣ አትደንግጡ።

የመድኃኒት_ቤቷ (ሐዋሳ)

ከሁለት ወር በኋላ ተመለስኩ። ፖስታው ትናንት ደርሶኛል። ቃል በገባሁት መሠረት ስማቸውን ገልጬ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ራሴ። 13ቱን በመጀመሪያው ማታ ስሞክር ቁጥር 4ን (አረንጓዴው ደንሎፕ፣ 0.88) አንደኛ፣ ቁጥር 9ን (ነጩ ዌገን፣ የኔዘርላንዱ) መጨረሻ አድርጌ ነበር። ጋሼ እንዳሉት ድንጋይ ነው የመሰለኝ፣ ከጣቴም ያመልጣል። አምስተኛው ቀን ላይ አጥብቄ መያዙን ሳላውቀው ትቼዋለሁ፤ ፒኩ ራሱ ስለማይጎብጥ እጄ ላላ ብሎ ያርገበግባል። ያን ማታ ትዝታ ስጫወት እናቴ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ስለ ዝናብ አልጠየቀችኝም። በሰባተኛው ቀን 9ን አንደኛ አደረግኩና 4ን ወደ ስድስተኛ አወረድኩት። እና ሁለተኛ ዙር ካለ የመጀመሪያ ቀን ማስታወሻ ባንጽፍ ይሻላል፤ እኔ የጻፍኩት ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነበር።

የ35 ዶላሯ ቁጥር 2 ነበረች። ጋሼም የባሕር ዳሯም ሁለተኛ አደረጓት፣ እኔ አራተኛ። ባቲን ፈጠን አድርጌ ስጫወት ክሩ ላይ ዘይት የተቀባች ያህል ትንሸራተታለች፣ ይህን አልክድም። ዝግ ያለ ዜማ ላይ ግን ድምፅዋ ለኔ ደረቅ ነው። የአክስቴ ልጅ ይህን ባያነብ ደስ ይለኛል።

ቀንዱ ሰውን ከፋፈለ። የባሕር ዳሯ "ሙቅ ነው፣ ከማንዶሊን ይልቅ ሰው የሚያንጎራጉር ይመስላል" ብላ ጽፋለች። እኔ ግን የደረሰኝ ጎብጦ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው እንደ ታንኳ ይወዛወዛል። ጋሼ፣ በሞርሳ ይታከም ይሆን?

አንድ ስህተት ሠርቻለሁ፣ ፕላስተሩ። ስሙን ደበቀልኝ፣ ግን ሁሉም ፒክ እጅ ላይ አንድ ዓይነት ሆነ። የትኛው በላብ እንደሚያመልጥ፣ የትኛው እንደሚጣበቅ ማንም ሊያውቅ አልቻለም፤ ሐዋሳ ሙቀት ውስጥ ደግሞ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። ለሚቀጥለው ጽሑፉን በብርጭቆ ወረቀት አጠፋዋለሁ፣ የሚቀበል ካለ።

ቁጥር 3 አዳማ ላይ ጠፍታ ነበር። ጋሼ ሌላ ሊተኩ ሲሉ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንዶሊናቸውን ሲያነሱ ሆዱ ውስጥ ኳ ብላ ተገኘች። ለብቻዋ በአደራ ላኩልኝ፤ የመላኪያው ዋጋ ከፒኳ ይበልጣል።

አሁን ወደ ሲም። ወንድሜ፣ በእጅህ ጽሑፍ የሰፈረውን ነው የምገለብጠው፦ "ቁጥር 13 — ቀጭን፣ ይጮኻል፣ የልጅ መጫወቻ። 11ኛ።" 13 ያንተው ካርድ ነው።

ቀንድ_ጠራቢ (አዳማ)

ሳል ይዞኝ ነበር፣ አሁን ስስቅ ባሰብኝ። አንደኛ ያደረገው የቱን ነው?

ቀንዱን መልሺልኝ፣ አቃናዋለሁ። ግን በክረምት አይላክም፤ የሚቀጥለው ዙር ጥር ላይ ይሁን።

የመድኃኒት_ቤቷ (ሐዋሳ)

የእርስዎን ቀንድ ነው ጋሼ። "ይሄ የ35 ዶላሩ መሆን አለበት" ብሎ ጽፎበታል።

ሲም_ካርድ (አዲስ አበባ)

ፕላስተሩ ነው ያሳሳተኝ። ጥር ላይ ጻፉኝ።