አዲስ ቺንጋ ቢገባም ያልጠፋ ጩኸት
የምኖረው አዳማ ሲሆን የምነዳው ባለ 1.5 ሊትር ቶዮታ ያሪስ ነው። ጠዋት ሞተሩ እንደተነሣ፣ በተለይም ኤሲውና የፊት መብራቱ አንድ ላይ ሲበሩ፣ ዲናሞውን (ባትሪውን የሚሞላውን ጄኔሬተር) የሚያዞረው ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) በኃይል ይጮኻል፤ በዚያው ቅጽበት የባትሪው ምልክት ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም ሲል፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) 14.1 ቮልት የነበረው የባትሪው ንባብ ወደ 12.5 ይወርዳል። መካኒኩ ቺንጋውን በአዲስ ቀይሮ ቢያጠብቀውም፣ ሞጆ ደርሼ ስመለስ ጩኸቱ እንደገና ጀመረ። ሞተሩ እየሠራ በቺንጋው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጥቂት ውኃ ስረጭበት ድምፁ ወዲያው ይጠፋና ውኃው ሲደርቅ ይመለሳል፤ ይህም ከመላላት ይልቅ የፑሌጃዎችን (ቺንጋው የሚዞርባቸው ጎማ መሰል ብረቶች) በአንድ መስመር አለመሰለፍ የሚያመለክት ይመስለኛል። ቺንጋውን አውልቄ ሞተሩን ለጥቂት ሴኮንዶች ሳስነሣው ጩኸት የለም። የዲናሞውና የውኃ ፓምፑ ፑሌጃዎች በእጅ ሲዞሩ አይንገዳገዱም፤ ነገር ግን የአዲሱ ቺንጋ በሞተሩ በኩል ያለው ጠርዝ ብቻ ተፍቆ ያብረቀርቃል፣ ከዲናሞው ሥርም ጥቁር ዱቄት ተጠራቅሟል። መካኒኩ አሁን ዲናሞው ይቀየር ይላል፤ ዋጋው ቀላል ስላልሆነ ሳላረጋግጥ መግዛት አልፈልግም። ጥፋቱ የፑሌጃዎቹ አሰላለፍ ይሁን የዲናሞው ኩሽኔታ (ዘንጉ ያለ ችግር እንዲዞር የሚያደርገው ክፍል)፣ ዲናሞውን ሳልቀይር በምን ዘዴ ለይቼ ማወቅ እችላለሁ?